ዚንክ ጨው አያጥብም፦ ስለ ስንዴና ጨዋማ አፈር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በጨዋማ አፈር ላይ ስንዴ ለማምረት ቁልፉ ማይክሮ ማዳበሪያ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ ገላን አካባቢ የሚያርስ ወዳጄ ነው፤ ከሥሩ «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ጽፎበታል። ሥራዬ ከአቃቂ እስከ ዱከም ባሉ ቀበሌዎች ከገበሬ ጋር አፈር እያየሁ መማከር ስለሆነ፣ ይህን የሚጠይቀው እሱ ብቻ እንደማይሆን አውቃለሁ። መልሱን ለሁሉም ያደረግሁት ለዚህ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳርቻ እስከ ዱከምና ቢሾፍቱ ድረስ፣ ማሳ ላይ ነጭ ነገር እየታየ ነው፤ ነጩም ጨው ነው። ጨው ስንዴን የሚጎዳው ዚንክ፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ቦሮን እንዳያገኝ ስለሚከለክለው ነው። እነዚህን ሁሉ የያዘ ማዳበሪያ ከዘር ጋር በብዛት ከተጨመረ ወይም ቅጠል ላይ ከተረጨ ጉዳቱ ይቀራል። በውጭ አገር በዚህ ዘዴ ምርት በእጥፍ ጨምሯል። ጂፕሰም የተባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድንና የውኃ ማፋሰሻ ቦይ ግን ውድና አድካሚ ስለሆኑ ለአነስተኛ ገበሬ አይሆኑም።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ከጽሑፋቸው ውስጥ ትክክል የሆነም አለ፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ። ጥፋቱ የመጨረሻው ሥራ መሆን የሚገባውን የመጀመሪያም ብቸኛም ማድረጋቸው ላይ ነው።

ከነጩ ነገር ልጀምር። «ነጭ ከታየ ጨው ነው፤ ዓይን ይበቃል» ይላሉ። አይበቃም። በአቃቂ፣ በዱከምና በአድአ የምናርሰው ጥቁር አፈር፣ ኮትቻ የምንለው፣ ከሥሩ የኖራ እንክብል የሚይዝበት ቦታ ብዙ ነው። ማረሻ ወይም የቤት መሠረት ቁፋሮ ሲያወጣው መሬቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ስንዴን እንደ ጨው አያቃጥልም። ለመለየት ላቦራቶሪ መሄድም አያስፈልግም። ከነጩ ቁራጭ አንሡና ሳህን ላይ ሎሚ ጭመቁበት፤ ሌላውን ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ በዝናብ ውኃ ዘፍዝፉት። አረፋ አውጥቶ ውኃው ውስጥ ግን የማይሟሟ ከሆነ ኖራ ነው። አረፋ ሳያወጣ ሟሙቶ ከጠፋ የተለመደው ጨው ነው። አረፋም አውጥቶ ከሟሟም ሶዳ ነው፤ ከሦስቱ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ደግሞስ በዚህ አካባቢ ስንዴው በአመዛኙ የክረምት ነው። በዓመት ከ800 እስከ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ተዳፋት ላይ የሚሟሟ ጨው አይቀመጥም፤ ክረምቱ ያወርደዋል። ጨው የሚከማቸው ውኃ ገብቶ መውጫ ባጣበት ነው። ስለዚህ በእኛ በኩል መጠርጠር ያለበት ሜዳው ሁሉ ሳይሆን በበጋ በወንዝ ወይም በጉድጓድ ውኃ የሚጠጣው ረባዳ ቦታ ነው። የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ እስኪደርስ የከተማውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውንና የቆዳ ማልፊያውን እየተቀበለ የሚወርድ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ቆዳ ደግሞ በጨው ታሽቶ ነው ፋብሪካ የሚገባው። ወደ ስምጥ ሸለቆው በተጠጋን ቁጥር የከርሰ ምድሩ ውኃ ራሱ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ማሳውን ትተን መጀመሪያ ውኃውን እንለካ የምለው ለዚህ ነው።

እውነተኛውን ጨዋማ የስንዴ መሬት ማየት የፈለገ አዋሽን ይዞ መውረድ አለበት። ኢትዮጵያ በጨው የተጠቃ መሬቷ 11 ሚሊዮን ሔክታር እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ አብዛኛው ያለው በቆላውና በስምጥ ሸለቆው ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ የመስኖ ጥጥና ሙዝ ይለማበት የነበረ መሬት በቂ ማፋሰሻ ስላልነበረው የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ እያለ፣ ጨውንም ይዞ እየወጣ፣ ብዙው ከእርሻ ውጭ ሆኗል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ጨዋማ ውኃው ወደ አዋሽ መለቀቁ ሌላ ጣጣ ጨምሯል። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል በመስኖ ስንዴ የሚደክመው በእንዲህ ዓይነቱ መሬት መካከል ነው። ያ መሬት የሞተው ዚንክ ጠፍቶበት አይደለም፤ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ነው። ጸሐፊው አሚባራንም አቃቂንም በአንድ ዓረፍተ ነገር «ጨዋማ» ብለው ማለፋቸው የቀረውን ስሕተት ሁሉ ጎትቶ አመጣው።

ቀጥሎ የልኬቱ ጉዳይ። በአንድ ማሳ ላይ የአፈሩን ጨው ራሳቸው ለክተው 1.8 እንዳገኙ፣ የጨዋማ አፈር ወሰን 4 ስለሆነም ማሳው «ቀላል ጨው» ብቻ እንዳለበትና ዚንክ እንደሚበቃው ጽፈዋል። እዚህ ላይ ሁለት ሚዛን ተደባልቋል። 4 ዴሲሲመንስ በሜትር (ጨው በኤሌክትሪክ ማስተላለፉ የሚለካበት መለኪያ) የሚባለው ወሰን አፈሩ እስኪጠግብ ብቻ ርሶ ከእሱ በሚወጣ ውኃ ላይ የሚለካ ነው። እሳቸው ግን፣ እንደ ገለጹት፣ 1 እጅ አፈር በ5 እጅ ውኃ በጥብጠው ነው የለኩት። ውኃ ሲበዛ ጨው ይቀጥናል፤ መሣሪያውም ያነሰ ቁጥር ያሳያል። እንደ ኮትቻ ባለ ከባድ ሸክላ ላይ እንዲህ የተገኘ ቁጥር በ6 ገደማ ተባዝቶ ነው ከወሰኑ ጋር የሚነጻጸረው፤ በአሸዋማ አፈር ማባዣው ከዚህም ይበልጣል። 1.8 በ6 ሲባዛ 10.8 ይሆናል።

ይህ ቀላል ጨው አይደለም። ስንዴ እስከ 6 ድረስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጨው በ1 ዴሲሲመንስ በጨመረ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ምርት ይጥላል። 10.8 ላይ ከምርቱ ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። እዚያ ማሳ ላይ ዚንክ የሚረጭ ሰው ያወጣውን ገንዘብ መልሶ አያገኘውም። እስከ 8 የሚችለውን ገብስ ቢዘራበት፣ በጎን ደግሞ ጨው የሚያወርድበትን መንገድ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የክርክሩ ልብ ያለው «ጨው ስንዴን የሚጎዳው ንጥረ ነገር ስለሚነሣው ነው» የሚለው ላይ ነው። ይህ የሚያሳስተው ሩብ ያህሉ እውነት ስለሆነ ነው። ጨው ስንዴን የሚመታው በየተራ ነው። መጀመሪያ ውኃ ይነሣዋል፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሥሩ ግን መጠጣት ያቅተዋል፤ ቡቃያው በድርቅ እንደተመታ ይቀጭጫል። ቆይቶ ሶዲየምና ክሎራይድ ቅጠል ውስጥ ይጠራቀሙና ጫፉንና ዳሩን ያቃጥሉታል። የንጥረ ነገር እጥረት ከእነዚህ ኋላ ወይም ጎን ለጎን የሚመጣ ነው፤ እሱንም የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ጨው ራሱ ሳይሆን የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከፍ ማለት ነው። ፒኤች በ1 ሲጨምር አፈር ውስጥ የሚሟሟው ዚንክ ወደ መቶ እጥፍ ይወርዳል። ስለዚህ ፒኤቹ ከ8 በላይ በሆነ መሬት ላይ ዚንክ ማጠሩ የሚጠበቅ ነው፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ዚንክ የሥሩን ሽፋን ጤና ስለሚጠብቅ፣ ዚንክ ያጠረው ስንዴ ሶዲየምን አብዝቶ ወደ ውስጥ እንደሚያስገባም ይታወቃል። ይህንንም ልጨምርላቸው።

ይሁን እንጂ ዚንክ ሥሩ ዙሪያ ያለውን ጨው አያነሣም። ሥሩ ውኃ መጠጣት ካቃተው ቅጠሉ ላይ የተረጨው ዚንክ ውኃ አይሆነውም። ሰዓቱም አለ። ስንዴ ስንት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ፣ በአንድ ዛላ ላይ ስንት ፍሬ መያዣ እንደሚኖር የሚወሰነው ገና በልጅነቱ ነው፤ ጨው የሚቀንሰውም እነዚህን ነው። ጽሑፉ እንደሚመክረው ዛላ ሲወጣ መርጨት የሚጀምር ሰው፣ በዘራ በወሩ የጠፋውን ቅርንጫፍ በሦስተኛው ወር አይመልሰውም።

ጸሐፊው ያልነኩት ሌላ ነገር አለ፤ በእኛ አካባቢ ግን ዋናው ይህ ነው። ነሐሴ ላይ ከዱከም ወደ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ የሆነ ስንዴ በየረባዳው ያያል። ያ ቢጫ ብዙውን ጊዜ የዚንክም የጨውም አይደለም፤ ውኃ የተኛበት ነው። ኮትቻ ሲጠግብ አየር አያሳልፍም፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ናይትሮጅኑም በከንቱ ይጠፋል። ለመለየት ቅጠሉን ዝቅ ብሎ ማየት ነው። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከጫፍ ጀምረው ወጥ ሆነው ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን ነው፤ ውኃ የተኛበት ማሳም ይህንኑ ያሳያል። በአሮጌ ቅጠል መሐል ላይ የነጣ፣ ኋላም የደረቀ ሰንበር ካለ ዚንክን ጠርጥሩ። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መሐል ያለው ከነጣ ብረት ነው። ጫፍና ዳር ብቻ እሳት እንደነካው ሲሆን ጨው ወይም የበዛ ቦሮን ነው። ሁሉንም «ቢጫ» ብሎ አንድ ጠርሙስ መግዛት ለሻጩ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

ውኃ ለሚተኛበት ማሳ መድኃኒቱ አገር ያወቀው ነው። ሰፊ መደብና ቦይ ይባላል፤ በበሬ የሚጎተተው የመደብ ማውጫ ለዚሁ ለኮትቻ የተሠራ ነው፤ እሱ ከሌለም በተለመደው ማረሻ ቦይ ይወጣል። ጸሐፊው «አድካሚ» ያሉት ሥራ ይህ ነው። አድካሚስ ነው። ግን ጨውና የተኛ ውኃ አንድ ላይ ሲመጡ ሶዲየም ወደ ቅጠል የሚገባው በአንዱ ብቻ ከሚገባው ይበልጥ ነው። ቦይ ሳያወጡ ዚንክ መርጨት ገንዘብን ከውኃው ጋር ማስተኛት ነው።

«ጂፕሰም ቅንጦት ነው» የሚለው ነጥብ ይበልጥ አሳስቦኛል። ጨዋማ አፈርና ሶዲየም የበዛበት አፈር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥሩ ውኃና መውጫ ካገኘ ይታጠባል። ሁለተኛው ግን፣ ሶዲየም ከሸክላው ላይ ከተጣበቀው ንጥረ ነገር ከ15 ከመቶ በላይ ሲይዝ፣ አፈሩ ይበተናል፤ ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። እንዲህ ያለውን መሬት ዝም ብሎ በውኃ ማጠብ ይብሳል፤ ሸክላውን አያይዞ የነበረው ጨው ሲወርድ ሶዲየሙ ብቻውን ይቀርና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍነዋል። ጂፕሰም የሚገባው እዚህ ነው፦ በውስጡ ያለው ካልሲየም የሶዲየምን ቦታ ይወስዳል፣ ሶዲየሙ ከውኃ ጋር ይወርዳል። የትኛውም የዚንክ መጠን ይህን አይሠራም። ጂፕሰም በሔክታር በቶን የሚቆጠር መሆኑና ማጓጓዣው መክበዱ እውነት ነው። ነገር ግን በዓባይ ሸለቆ የሞላ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ያውቁታል።

የትኛው እንዳለባችሁ ለማወቅ በእጅ የሚሠራ ሙከራ አለ። የምስር ፍሬ የሚያህል የደረቀ የአፈር ቅንጣት ውሰዱ፤ በብርጭቆ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጣሉት። አታማስሉ፣ አታንቀሳቅሱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎም በማግሥቱ እዩት። ቅንጣቱ ፈርሶ ውኃው ንጹሕ ከሆነ ደህና ነው። ዙሪያውን ወተት የመሰለ ደመና ከከበበው ሶዲየም አለበት፤ ጂፕሰም ይፈልጋል። ለገላኑ ወዳጄ በስልክ የነገርኩት ይህንን ነው፤ ከረባዳውና ከከፍታው ለየብቻ እንዲያደርገው አሳሰብኩት። የረባዳው ውኃ ደፈረሰ፣ የከፍታው ጠራ። ማዳበሪያውን ለጊዜው ተወው፤ የረባዳውን አፈር ናሙና ይዞ ሄዷል።

«ሁሉንም የያዘ ቅልቅል ስጡት» የሚለውን ምክር በተለይ ስለ ቦሮን እቃወመዋለሁ። ቦሮን ለስንዴ በማነሱና በመብዛቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። በደጋው ብዙ ቦታ ያንሳል ተብሎ ቦሮን ያለበት ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘ ማዳበሪያ) ሲሠራጭ ቆይቷል፤ ያ ለደጋው ነው። ጨዋማ መሬትና ጨዋማ ውኃ ግን ቦሮንን አብረው የሚያከማቹበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለማጠብም ቦሮን ከተለመደው ጨው ወደ ሦስት እጥፍ ውኃ ይፈልጋል። ምልክቱ ደግሞ የቅጠል ጫፍ ማቃጠል ስለሆነ ከጨው ጋር ይመሳሰላል። ገበሬው «ጨው ነው» ብሎ ቅልቅሉን ይጨምራል፣ ቃጠሎው ይብሳል፣ እንደገና ይጨምራል።

ብረትን በአፈር ስለመጨመር ብዙ አልልም። ፒኤቹ ከፍ ባለና ኖራ ባለበት መሬት ላይ የተበተነ የብረት ሰልፌት ወዲያው ዝገት ሆኖ ይቀራል። ስንዴ ደግሞ ሳር ነክ እንደመሆኑ ብረት ሲያጥረው ከሥሩ ብረት የሚያሟሟ ነገር አመንጭቶ ለራሱ ይፈልጋል። ለስንዴ ገበሬ የብረት ማዳበሪያ የማስገዛበት ምክንያት እምብዛም አላየሁም። «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለውም አያስኬድም፤ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ 38 ኪሎ የሚሆነው ፎስፈረስ የሚገኝበት የፎስፌት (P2O5) ድርሻ ነው፤ ፎስፈረስ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ዚንክን ያሳጣል።

የእጥፍ ምርቱ ወሬ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቱርክ መካከለኛው አናቶሊያ ዚንክ የተጨመረለት ስንዴ ምርቱ እጅግ የጨመረባቸው ማሳዎች ነበሩ፤ እውነት ነው። ግን እነዚያ ኖራ የበዛባቸው፣ ዚንካቸው ከ0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ እጅግ ያነሰ መሬቶች ነበሩ። ምርቱ የጨመረው አፈሩ ጨዋማ ስለነበረ ሳይሆን ዚንክ አልባ ስለነበረ ነው። ቆይቶ በሰባት አገሮች በተካሄደ ሙከራ በቅጠል የተረጨ ዚንክ የስንዴ ፍሬውን ዚንክ በአማካይ ከ27 ወደ 48 ሚሊ ግራም በኪሎ አሳድጓል፤ የምርቱ ኩንታል ግን በአብዛኛው ቦታ አልተለወጠም። ጨው ላይ ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነው፦ በአውስትራሊያ ሶዲየምን ከቅጠል የሚያግድ ጂን ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወደ ማካሮኒ ስንዴ ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ውጤት ጨዋማ ማሳ ላይ እስከ 25 ከመቶ ብልጫ ሰጥቷል። አድአ የማካሮኒ ስንዴ አገር ነው፤ ማካሮኒ ስንዴ ደግሞ ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ሶዲየምን ማገድ ይከብደዋል። ጨው ያለበት ረባዳ ላይ የዝርያው ምርጫ ከርጭቱ ይቀድማል።

አሁን የምስማማበት። ዚንክ በቅጠል መርጨት ለበላተኛው ይጠቅማል። ዳቦና ቂጣ ዋና ምግቡ የሆነ ቤተሰብ በፍሬው ውስጥ ያለ ዚንክ ያስፈልገዋል፤ ለልጆች እድገት በተለይ። አፈሩ ተለክቶ ዚንኩ ከ0.8 ሚሊ ግራም በኪሎ በታች ከሆነም ለምርቱ ራሱ ይረጫል። እንግዲያውስ በልኩ ይሁን። 5 ግራም የዚንክ ሰልፌት በ1 ሊትር ውኃ ይበቃል፤ 16 ሊትር ለሚይዝ የጀርባ መርጫ 80 ግራም መሆኑ ነው። ጽሑፉ «አንድ እፍኝ» ይላል፤ የማን እፍኝ? አንድ ሙሉ እፍኝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሆኖ በጨው የደከመውን ቅጠል ሊያቃጥለው ይችላል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን መቶኛም አንብቡ፦ 80 ግራም ያልኩት ዚንኩ 21 ከመቶ ለሆነው ነው፤ 33 ከመቶ ከሆነ 50 ግራም ይበቃል። ለምርት ከሆነ ቅርንጫፍ ሲያወጣ፣ ለፍሬው ከሆነ ወተት ሲይዝ፣ ጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ። በማሳው መሐል ሳይረጭ የሚቀር አንድ ረድፍ ተዉ፤ ያለ እሱ የጠቀመው ዝናቡ ይሁን ዚንኩ ማንም አያውቅም።

ለጸሐፊው የማቀርበው ጥያቄ ስለዚያ 1.8 ስለተለካበት ማሳ ነው። አፈሩ እስኪጠግብ ርሶ የሚለካውን ጨው፣ ፒኤቹን፣ የሶዲየሙን መቶኛ፣ የዚንኩንና የቦሮኑን መጠን ከላቦራቶሪ አስለክተው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ያውጡልን፤ ማሳውን የሚያጠጡበት ውኃ የወንዝ ይሁን የጉድጓድም ይጻፉ። ጨዉ ከ6 በታች፣ ሶዲየሙ ከ15 ከመቶ በታች፣ ዚንኩ ከ0.8 በታች፣ ቦሮኑም አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ለዚያ ማሳ የተጻፈው ምክር ከቦሮኑና ከብረቱ በስተቀር ትክክል ነበር ብዬ እዚሁ እጽፋለሁ።